ወደቡ ሲያድግ ከተማው ለምን አነሰ?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ማታ በምግብ አዳራሹ ደጃፍ ተሰልፈን ስንከራከር፣ ከጓደኞቻችን አንዱ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማትን ነገር ደገማት። «ኮሪያ እኮ የዛሬ ሰባ ዓመት ከእኛ በታች ነበረች! ወታደር ልከን ያዳንናት እኛ ነን። ዛሬ እርሷ መኪናና መርከብ ትሠራለች፤ እኛ ግን…» አለና ትከሻውን ሰበቀ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ታዲያ ምን ታደርገዋለህ፤ እነርሱ ባሕር አላቸው!» አለ። በዚህ ሁሉም ተስማማና ወደ ራት ገባን።

እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ባሕር ያለው ሁሉ ባለጸጋ ቢሆን ኖሮ በዚህች ዓለም ላይ የሚራበው ሕዝብ ቁጥር ባልበዛም ነበር። ስለዚህ ጥቂት ቀን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ አንዲት ከተማ ብቻ ለማንበብ ቆረጥሁ፤ ይህችውም ዘማቾቻችን «ፑሳን» እያሉ የሚጠሯት፣ ዛሬ ቡሳን የምትባለው የኮሪያ ወደብ ናት። ያገኘሁት ነገር ከጓደኞቼ ስምምነት ጋር የሚሄድ አልሆነምና እነሆ ጽፌዋለሁ። አንባቢ እንዳይደናገር፣ ዓመተ ምሕረት ካላልሁ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ላስቀምጥ። የቡሳን ወደብ በ2024 በሃያ ጫማ ሣጥን ሲሰላ ከ24 ሚሊዮን በላይ ኮንቴይነር አስተናግዷል። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ2003፣ የነበረው ከአሥር ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም ነበር። ወደቡ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። የከተማው ሕዝብ ደግሞ በ1995 ወደ 3.9 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር፤ ዛሬ ወደ 3.3 ሚሊዮን ወርዷል። ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ጎደለ ማለት ነው። ጦርነት አልመጣ፣ ወረርሽኝ አልፈጀው፣ ወደቡም አልደረቀ። ታዲያ ሰው ለምን ሸሸ?

ይህን ለመመለስ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል።

የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተጭኖ፣ በሚያዝያ ወር መጨረሻ የኮሪያን ምድር የረገጠው ቡሳን ላይ ነው። የእናቴ አጎት ነፍሳቸውን ይማርና ከዘማቾቹ አንዱ ነበሩ። ስለ ውጊያው ብዙ ማውራት አይወዱም ነበር፤ ቡሳን ሲነሣ ግን ሁልጊዜ የሚሏት አንዲት ነገር ነበረች፤ «ሰው በሰው ላይ ነበር» ይሉናል። ልጆች ሳለን ይህ የሽማግሌ ማጋነን ይመስለን ነበር፤ ለካ ቁጥሩ ራሱ እንደዚያው ነው የሚለው። በ1949 ቡሳን ግማሽ ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ ሕዝብ ነበራት። ጦርነቱ በሰኔ 1950 ተጀምሮ፣ የሰሜኑ ጦር አገሩን ሁሉ አጥለቅልቆ፣ በነሐሴ ወር ያልተያዘው ቡሳንና በዙሪያዋ ያለው መሬት ብቻ ሆነ። መንግሥቱም፣ ሚኒስቴሩም፣ ዩኒቨርስቲውም፣ ስደተኛውም ተጠራርጎ ወደዚያች ከተማ ገባ። ቡሳን እስከ 1953 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ የአገሪቱ ጊዜያዊ ዋና ከተማ ነበረች። በ1955 ሕዝብ ሲቆጠር አንድ ሚሊዮን አልፎ ተገኘ።

ቡሳን ተራራው ከባሕሩ ላይ የተደፋባት ከተማ ናት፤ ሜዳ የላትም። ስደተኛው ወደ ተራራው ወጣ። አሚ ዶንግ በሚባለው ሰፈር ቀድሞ የጃፓኖች መካነ መቃብር ነበር፤ ስደተኞቹ የመቃብሩን ድንጋይ ለቤት መሠረትና ለደረጃ አደረጉት። የተቀረጸበት የሟች ስም ዛሬም እየታየ ሰው በላዩ ይመላለሳል። ከሰሜን የመጡት የለመዱትን እህል ቢያጡት ከዕርዳታ በመጣ የስንዴ ዱቄት ቀዝቃዛ የመረቅ ምግብ ሠሩ፤ ያ የድኻ ምግብ ዛሬ ከተማዋ የምትኮራበት ነው። ቤተሰቡ የተበታተነበት ሰው ደግሞ ወደ ዮንግዶ ደሴት በሚወስደው ድልድይ ላይ ይቆም ነበር። «ብንጠፋፋ ቡሳን፣ ድልድዩ ላይ እንገናኝ» ተባብለው ነበርና። ከድልድዩ ሥር ጠንቋዮች ተኮልኩለው የጠፋው ሰው ይመጣ እንደሆነ ይጠነቁሉ ነበር። በኅዳር 1953፣ ጦርነቱ ቆመ ሲባል፣ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ እሳት ተነሥቶ ያንኑ የጨርቅና የጣውላ ቤት አወደመው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያን ጊዜም ባሕሩ ነበረ። ወደቡም ነበረ፤ ያውም አዲስ ወደብ አይደለም።

የቡሳን ወደብ ለውጭ ንግድ የተከፈተው በ1876 ነው። የከፈተው ግን ኮሪያዊ አይደለም፤ ጃፓን በመድፍ ጀልባ አስፈራርታ ባስፈረመችው ውል መሠረት ከሁሉ ቀድሞ የተከፈተ በር ነው። በ1905 ከሴውል ቡሳን የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ከሐዲዱ ጫፍ ወደ ጃፓን የሚሻገር መርከብ ተመደበ። በ1910 አገሪቱ ጠቅላላ ተዋጠች። ከዚያ በኋላ ክሬኑም፣ መጋዘኑም፣ የድንጋይ መቆሚያውም ተሠራ፤ እንዲያውም ዛሬ በእኛ ዘንድ «ልማት» የሚባለው ሁሉ ተሟልቶ ነበር። በዚያ ወደብ የሚወጣው ምን ነበር? ሩዝ። የኮሪያ ገበሬ ያመረተውን ሩዝ መርከብ ይጭንና፣ ለገበሬው ራሱ ከማንቹሪያ የሚመጣ ማሽላ መሰል እህል ይቀርብለታል። ወደቡ በየዓመቱ እያደገ ሄደ፤ የኮሪያዊው ሩዝ ድርሻ ግን እያነሰ ሄደ። ስታቲስቲክስ ብቻ የሚያይ ሰው ያን ዘመን የዕድገት ዘመን ይለው ይሆናል።

ስለዚህ «ባሕር አላቸው» ለሚለው ወንድሜ የምሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፤ ከ1876 እስከ 1951 ሰባ አምስት ዓመት ባሕርም ወደብም ባቡርም ነበራቸው፤ የእናቴ አጎት ሲደርሱ ያዩት ግን በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚኖር ሕዝብ ነው።

ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? እኔ እንደሚገባኝ የተለወጠው ከወደቡ በስተጀርባ ያለው ነገር ነው። በ1949 የመሬት ሕግ ወጥቶ በተከታዩ ዓመት መሬት ለአራሹ መከፋፈል ተጀመረ፤ የባለርስት ኃይል ተሰበረ። ገበሬው ልጁን ትምህርት ቤት ሰደደ። ያ ልጅ፣ ይልቁንም ያቺ ልጅ፣ አድጋ ወደ ከተማ ስትወርድ ፋብሪካ ጠበቃት።

የቡሳን ፋብሪካዎች ታሪክ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ዛሬ ኤልጂ የሚባለው ድርጅት የተጀመረው በ1947 እዚያው ቡሳን ውስጥ የፊት ቅባት በመሥራት ነበር፤ በ1959 ደግሞ የአገሪቱን የመጀመሪያ ሬዲዮ የሠራው የቡሳን ፋብሪካው ነው። በኮምፔርሳቶ ግን የሚገርም ነገር አለ። የኮሪያ ተራሮች በጦርነትና በማገዶ ተራቁተው ራሰ በራ ሆነው ነበር፤ የሚቆረጥ እንጨት የለም። ነገር ግን የቡሳን ሰዎች ግንዱን ከፊሊፒንስ፣ ከማሌዢያና ከኢንዶኔዢያ በመርከብ እያስመጡ፣ ልጠው፣ አጣብቀው፣ ኮምፔርሳቶ አድርገው ለአሜሪካ ይሸጡ ጀመር። ዶንግሚዮንግ የሚባለው የቡሳን የእንጨት ፋብሪካ በዓለም ስሙ የታወቀ ሆነ። ደን የሌለው አገር የእንጨት ሻጭ ሆነ ማለት ነው! ወደብ የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ጥሬውን አስገብቶ የተሠራውን ሲያስወጣ።

ከኮምፔርሳቶ ቀጥሎ ጫማ መጣ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአሜሪካና የአውሮፓ ስም የተለጠፈበት የስፖርት ጫማ እጅግ ብዙው የሚሰፋው ቡሳን ውስጥ ነበር። ከእነዚህ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ በአንድ ግቢ ብዙ ሺህ ሠራተኛ የያዙ ነበሩ፤ አብዛኛዎቹም ሴቶች። ከገጠር የመጡ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረዶች በሙጫ ሽታ ውስጥ ከጠዋት እስከ ሌሊት ይሰፋሉ፤ ያገኙትን ደመወዝ ለወንድማቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ወደ አገር ቤት ይሰድዳሉ። የኮሪያ ኤክስፖርት በ1964 መቶ ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ በ1977 አሥር ቢሊዮን ዶላር ሆነ። መንግሥቱ ለዚህ የበዓል ቀን ቆርጦ ለነጋዴዎቹ ሜዳሊያ ይሸልም ነበር። ለወንድሟ ለምታስተምረው ልጃገረድ ስንት ሜዳሊያ እንደ ተሰጠ ግን የተጻፈ አላገኘሁም።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ዘንድ ስለ ኮሪያ ሲወራ «ሕዝቡ ታታሪ ነው» ይባላል። ማን ነው ታታሪው? ለስንት ሰዓት? በስንት ብር? ይህን ሳይጠይቁ ማመስገን አሠሪውን ማመስገን ነው።)

አንባቢዬ «እነዚያ ተማሪዎችስ ዝም አሉ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ዝም አላሉም። በጥቅምት 16 ቀን 1979 የቡሳን ብሔራዊ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች የፓርክ ቹንግ ሂን አምባገነን አገዛዝ በመቃወም ከግቢያቸው ወጥተው ወደ መሐል ከተማ ወረዱ። ብቻቸውን አልቀሩም፤ በዚያ ዓመት ንግዱ ተቀዛቅዞ፣ አዲሱ ግብር አስመርሮት የነበረው ባለሱቅና ሠራተኛ ተቀላቀላቸው። በጥቅምት 18 ከተማው በወታደራዊ አዋጅ ሥር ዋለ፤ ዓመፁ ግን ወደ ማሳን ከተማ ተሻገረ። ተማሪዎቹ ከወጡ ከአሥር ቀን በኋላ ፓርክ ዓመፁን እንዴት እንጨፍልቀው በሚል ጉዳይ በተከፋፈሉ በገዛ ሹሞቹ መካከል፣ በስለላ ድርጅቱ አለቃ እጅ ተገደለ። ዕድገቱን አመጣ የሚባለው ሰው፣ ዕድገቱ የተሠራበት ከተማ ተነሥቶበት ነው የወደቀው። ይህን የሚያነሣ የኮሪያ አድናቂ በእኛ ግቢ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የሚቀጥለው አምባገነን ቹን ዱ ህዋን ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠ። በ1980 የዶንግሚዮንግ ባለቤቶች ንብረታቸውን ተወረሱ። በ1985 ከቡሳን ጫማ የተነሣው ኩክጄ የተባለው ግዙፍ ድርጅት በመንግሥት ትእዛዝ ተበታትኖ ለሌሎች ታደለ፤ ባለቤቱ ለገዢው የሚፈለግበትን ያህል መዋጮ ስላልሰጠ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። በ1993 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ደረሰ፤ ድርጅቱ ግን አልተመለሰም። የቡሳን ሰው በገዛ ከተማው ያደገውን ድርጅት ዕጣ የሚወስነው ሴውል ያለ አንድ ፊርማ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳ።

እንግዲህ ወደ ኮንቴይነሩ ልመለስ፤ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ያለው እርሱ ዘንድ ነውና።

ቀድሞ መርከብ የሚራገፈው በሰው ትከሻ ነበር። ጆንያው፣ በርሜሉ፣ ሣጥኑ አንድ በአንድ እየተቆጠረ ይወርዳል፤ መርከቡም ቀናት ይቆማል፤ መርከበኛው ይወርዳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይገዛል። የወደብ ዳር ሰፈር ሁሉ በዚህ ይኖራል። በ1978 ጃሶንግዴ በሚባለው ስፍራ የኮሪያ የመጀመሪያው የኮንቴይነር ማራገፊያ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ዕቃው በብረት ሣጥን ታሽጎ ይመጣል፤ ክሬን ያነሣዋል፤ መኪና ይዞት ይሄዳል። ብዙ ትከሻ የሚጠይቀው ሥራ በጥቂት ሰው ያልቃል። ሥራው ሲጠብ ደግሞ የሥራው በር መሸጫ ሆነ፤ በ2005 የወደቡ የሠራተኞች ማኅበር መሪዎች ሰው ለማስቀጠር ገንዘብ ተቀብለዋል ተብለው ተከሰው ታሰሩ። ማኅበር የሠራተኛው ጋሻ መሆኑ ቀርቶ የቅጥር ደላላ ሲሆን ከማየት የሚያሳፍር ነገር የለም።

ዕድል ደግሞ ለወደቡ አግዞታል። በጥር 1995 በጃፓን የኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ በዓለም ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው ወደቧ ተሰባበረ፤ በኮቤ በኩል ይተላለፍ የነበረው ዕቃ ወደ ቡሳን ዞረ፤ ኮቤ ከታደሰች በኋላም አልተመለሰም። በዚህ ምክንያት ቡሳን ከዓለም ሦስተኛ እስከ መሆን ደረሰች። በ2003 ግን ሦስት ነገር በአንድ ዓመት ደረሰባት። በግንቦት የከባድ መኪና ነጂዎች አድማ መትተው ወደቡን ዘጉት። በመስከረም ማዕበል መጥቶ ክሬኖቹን እንደ ገለባ ገለባበጣቸው። በዚያው ዓመት የቻይና ወደቦች፣ ሻንግሃይና ሼንዘን፣ ቀደሟት።

መልሱ ሌላ ወደብ መሥራት ሆነ። ከአሮጌው በስተ ምዕራብ ርቆ አዲሱ ወደብ በ2006 ተከፈተ። ዛሬ አብዛኛው ኮንቴይነር የሚያልፈው በዚያ ነው።

አሁን አንባቢ በትዕግሥት ይከተለኝ። በቡሳን ከሚራገፈውና ከሚጫነው ኮንቴይነር ከግማሽ የሚበልጠው ከወደቡ አጥር አይወጣም። ከቻይናና ከጃፓን ወደቦች በትንሽ መርከብ ይመጣል፤ ቡሳን ላይ ይወርዳል፤ ወደ አሜሪካ የምትሻገረው ትልቅ መርከብ እስክትመጣ ተደርድሮ ይቆያል፤ ከዚያ ተነሥቶ ይሄዳል። ሲወርድም ሲጫንም ይቆጠራልና አንዱ ሣጥን በመዝገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ይገባል። ከጎጃም መጥቶ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ አውቶብስ ተራ ወርዶ ሌላ አውቶብስ እንደሚጠብቅ ማለት ነው። መንገደኛው ሻይ ይጠጣ ይሆናል፤ ለተሸካሚም ጥቂት ይሰጣል። ነገር ግን በአውቶብስ ተራ በቀን ስንት ሺህ ሰው አለፈ ብሎ ቆጥሮ የጎረቤቱን ኑሮ መገመት ይቻላልን? ቡሳንም ይህ ዓይነቱ ንግድ ክፍያ ያስገኝላታል፤ ለጎታች ጀልባው፣ ለነዳጅ ሻጩ፣ ለመርከብ ጠጋኙ ሥራ ይሰጣል፤ ይህን አልክድም። ኮምፔርሳቶውና ጫማው ግን ሌላ ነበሩ። እነርሱ ጥሬ ዕቃን ይዘው ሲገቡ ከተማው ውስጥ ያድሩ ነበር፤ በሺህ እጅ ያልፉ ነበር፤ ሲወጡም በብዙ ቤት ራት ትተው ይወጡ ነበር።

ጫማው የት ሄደ? በ1990 ከኮሪያ የወጣው ጫማ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ያቺ ልጃገረድ ግን በ1987 ከመላው አገር ሠራተኛ ጋር ተነሥታ ደመወዟን አስጨምራ ነበር። የውጭ አገር ገዢዎቹ ትእዛዛቸውን ሰብስበው ወደ ኢንዶኔዢያ፣ ወደ ቻይና፣ በኋላም ወደ ቬትናም ዞሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ሌላ ኢንዱስትሪ በቦታው በቶሎ አልተተካም፤ ካፒታሉም፣ ዋና መሥሪያ ቤቶቹም፣ ጥሩ የሚባሉት ዩኒቨርስቲዎችም ሴውልና አካባቢው ተከማችተው ነበርና። የወደቡን አስተዳደር እንኳ ብንመለከት፣ በ2004 የተቋቋመው የወደብ ባለሥልጣን የማዕከላዊው መንግሥት ድርጅት ነው። የወደቡ ትርፍና ዕቅድ የሚወሰነው ከወደቡ ዳር በሚኖረው ሕዝብ አይደለም።

የመርከብ ኩባንያው የሃንጂን ነገር ደግሞ ይህንኑ ያሳያል። ከዓለም ሰባተኛ የነበረው ይህ ኩባንያ በ2016 አበዳሪዎቹ እጃቸውን ሲሰበስቡበት መርከቦቹ ዕቃ እንደ ተጫኑ በየባሕሩ ተንጠልጥለው ቀሩ፤ በየካቲት 2017 መክሰሩ በፍርድ ቤት ታወጀ። ውሳኔው ሴውል ተሰጠ፤ ሥራ አጡ ግን ቡሳንም ተሰለፈ።

ስለ ሰው እንናገር ከተባለ ኪም ጂን ሱክን ሳላነሣ አላልፍም። ይህች ሴት በዮንግዶ ደሴት የመርከብ መሥሪያ ውስጥ የብየዳ ሠራተኛ ነበረች፤ በማኅበር ሥራዋ ምክንያት በ1986 ተባረረች። በ2011 ያ መሥሪያ ቤት ብዙ ሠራተኛ ሊያሰናብት ሲነሣ፣ ጥር 6 ቀን ጎሕ ሳይቀድ 35 ሜትር ወደሚረዝመው 85 ቁጥር ክሬን ወጣች። ከስምንት ዓመት በፊት የሠራተኞቹ መሪ የነበረ ጓደኛዋ በዚያው ክሬን ላይ ሆኖ ሲታገል ራሱን አጥፍቶ ነበር። እርሷ ግን በሕይወት ልውረድ ብላ ወጣች። ክረምቱን፣ በጋውን፣ ዝናቡን እዚያው አሳለፈች፤ ከመላው አገር ሰው በአውቶብስ እየተጫነ እየመጣ ከሥር ቆመላት። በ309ኛው ቀን፣ ስምምነት ከተደረሰ በኋላ፣ በእግሯ ወረደች። የቡሳን ወደብ ፎቶግራፍ ሲታተም ክሬኖቹ እንደ ዕድገት ምልክት ይታያሉ። እኔ ከዚህ ንባብ በኋላ ክሬን ባየሁ ቁጥር ማን እንደ ወጣበት ነው የሚታየኝ።

ዛሬ በዮንግዶ የሚኖረው ሰው ቀድሞ ከነበረው ወደ ግማሽ ወርዷል። ቡሳን በ2021 ከአገሪቱ ታላላቅ ከተሞች ሁሉ ቀድማ ከአምስት ሰው አንዱ ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነባት ከተማ ሆነች። የተማረው ወጣት በፈጣኑ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ሴውል ይሄዳል። ቀድሞ ሩዝ ሲያወርድ የነበረው ባቡር ዛሬ ወጣት እየጫነ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ስደተኞቹ በተራራው ላይ የሠሩት የካምቾን ሰፈር ቀለም ተቀብቶ አገር ጎብኚ ፎቶግራፍ ይነሣበታል። ከተማው ተስፋውን በዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ጥሎ፣ የ2030ውን ለማዘጋጀት ተወዳደረ፤ በኅዳር 2023 ድምፅ ሲሰጥ ሪያድ 119፣ ቡሳን 29 አገኙ። በሚቀጥለው ሚያዝያ ደግሞ በአዲሱ ወደብ ውስጥ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ በራሱ የሚንቀሳቀስ ማራገፊያ ሥራ ጀመረ። መኪናው ሾፌር የለውም፤ ክሬኑም ላይ ሰው አይወጣበትም።

«ታዲያ ወደቡ ባይኖር ይሻላቸው ነበር ልትል ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አልልም። ወደቡ ባይኖር የጫማውም የኮምፔርሳቶውም ዘመን አይኖርም ነበር፤ ዛሬም ወደቡ ቢነሣ የቀረው ሰው የሚቀመስ ያጣል። ቡሳንን ከእኛ ከተማ ጋር አስተያይቼ «አልፎላቸው አላለፈላቸውም» ብል ደግሞ ያስቅብኛል፤ በቡሳን ድኻ የሚባለው ሰው መብራትና ውኃ የማይቋረጥበት ነው። የምለው ሌላ ነው፤ ከተማዋ ያደገችው ወደቡ ባደገበት ልክ ሳይሆን፣ ከወደቡ ጀርባ ሰው በእጁ የሚሠራው ነገር በነበረበት ልክ ነው። ያ ሲሄድ ሣጥኑ እየበዛ ሰው አነሰ።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ ያን «ባሕር አላቸው» ያለውን ጓደኛዬን ፈለግሁት። አዳራሹ ውስጥ ሻይ ይዞ አገኘሁትና ነገሩን አወጋሁት። በጥሞና ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ስለ ወደብ አትከራከሩ ልትለን ነው እንዴ?» አለኝ። «የለም፣ ተከራከር» አልሁት፤ «ነገር ግን ወደ አዳማ ስትወርድ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የተደረደረውን ሣጥን አይተኸዋል። ሞልቶ ይመጣል። ሲመለስስ?»

«ቡናው አለ» አለኝ።

«ሌላ?»

«ሰሊጥ። ቦሎቄ። ቆዳም ነበረ፤ ዛሬ እንኳ ተቀዛቅዟል።»

«አበባውስ?» አለ ከአጠገባችን የተቀመጠ አንድ የግብርና ተማሪ።

«አበባው በአውሮፕላን ነው የሚሄደው፤ ሣጥን አይሞላም» አልነው።

እስቲ እንቁጠር ተባባልንና ወረቀትና እርሳስ አወጣን። ከሰባተኛው ስም ላይ ስንደርስ ዘበኛው መጥቶ «ልጆች፣ ልዘጋ ነው» አለና መብራቱን አጠፋብን።